ስሙ የሸፈነለት ቀዳዳ፦ የስፓይክ ሊ የ2013 የፊልም መዋጮ ጥሪ

ጁላይ 22 ቀን 2013 አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ስፓይክ ሊ ሕዝብ ለሥራዎች ገንዘብ በሚያዋጣበት ኪክስታርተር በተባለ ድረ ገጽ ላይ የመዋጮ ገጽ ከፈተ (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የጠየቀው 1,250,000 ዶላር ነው፤ ቀነ ገደቡ 30 ቀን። ፊልሙ ግን ርዕስ አልነበረውም። በርዕሱ ቦታ የተቀመጠው በግርድፉ «አዲሱና ትኩሱ የስፓይክ ሊ ሥራ» የሚል ነበር። ታሪኩም አልተነገረም፤ የደም ሱስ ስላለባቸው ሰዎች እንደሆነ፣ እንደሚያስቅ፣ ፍቅርም ደምም እንዳለበት ብቻ ተጠቆመ። ኦገስት 21 ገጹ ሲዘጋ 6,421 ሰዎች 1,418,910 ዶላር አዋጥተዋል።

የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ይኸው ተሳካ፣ ምኑ ይጠናል?» ሊል ይችላል። እኛ ደግሞ የምንለው ገንዘቡ ተሳክቷል፣ ጥሪው ግን አልተሳካም ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥሪው ላይ የነበሩትን ቀዳዳዎች የደፈነው ለሠላሳ ዓመት የተሠራ ስም ነው። ስም የሌለው ፊልም ሠሪ ይህንን ገጽ አይቶ «እንዲህ ነው የሚሠራው» ብሎ ቢገለብጠው፣ የሚገለብጠው ቀዳዳውን ነው።

የነበረው ሁኔታ

ኪክስታርተር የሚሠራው «ሁሉም ወይም ምንም» በሚል ደንብ ነው። ግቡ ካልሞላ ከማንም ካርድ ላይ ሳንቲም አይነሳም። ስለዚህ የግቡ መጠን የምኞት ጉዳይ አይደለም፤ አንድ ዶላር ቢጎድል ሁሉም ይቀራል።

በዚያው ዓመት ከስፓይክ ሊ ቀድመው ሁለት ታዋቂ የፊልም ዘመቻዎች ተካሂደው ነበር። የመጀመሪያው የቬሮኒካ ማርስ ነው። የተቋረጠ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ወደ ፊልም ይለወጥ ተብሎ ማርች ላይ 2 ሚሊዮን ዶላር ተጠየቀ፤ ግቡ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ሞላ። ሁለተኛው ተዋናይና ዳይሬክተር ዛክ ብራፍ ያቀረበው ነው፤ እሱም 2 ሚሊዮን ጠይቆ 3.1 ሚሊዮን አገኘ። ስፓይክ ሊ በበኩሉ ከዓመት በፊት የወጣውን ፊልሙን በራሱ ገንዘብ ሠርቶ ነበር። ስቱዲዮዎች በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር በጀት ካላቸው ፊልሞች ውጪ ለመካከለኛና ለአነስተኛ ፊልም ጆሮ እየነሱ ነው የሚለው ቅሬታው ውስጥ እውነት አለ። ጥያቄው እውነቱን ለሕዝብ እንዴት አቀረበው ነው።

ሦስቱን ዘመቻዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ቬሮኒካ ማርስ 91,585 ደጋፊ፣ 5,702,153 ዶላር፤ ለአንድ ሰው ሲካፈል 62 ዶላር ገደማ ይመጣል። ዛክ ብራፍ 46,520 ደጋፊ፤ ለአንድ ሰው 67 ዶላር ገደማ። ስፓይክ ሊ 6,421 ደጋፊ፤ ለአንድ ሰው 221 ዶላር። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ቁጥር የለም። የስፓይክ ሊ ደጋፊዎች እንደ ቬሮኒካ ማርሶቹ 62 ዶላር ብቻ ቢሰጡ ኖሮ የሚሰበሰበው 398,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ የግቡን ሲሶ እንኳ አይሞላም። በዚያ አማካይ ግቡን ለመሙላት ከ20,000 ሰው በላይ ያስፈልገው ነበር። ሕዝቡ አልመጣም ማለት ነው። የመጡት ጥቂት ሆነው ብዙ የሰጡ ናቸው፤ ዘመቻውም ግቡን የነካው ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው።

ገጹ የት ላይ ያፈስ ነበር?

አንድ እንግዳ ሰው የመዋጮ ገጽ ሲከፍት በልቡ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ምንድን ነው? ለምን ይህን ያህል? ለምን ከእኔ? የስፓይክ ሊ ገጽ በመጀመሪያው ቀን የመለሰው አራተኛ፣ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነበር፦ ማነኝ? ዳይሬክተሩ ካሜራ ፊት ሆኖ ይናገራል፣ ደጋፊዎቹን ይጠራል። ለሚያውቀውና ለሚወደው ሰው ይህ በቂ ነው። ለሌላው ግን የሚይዘው ነገር የለም፤ ርዕስ የሌለው፣ ታሪክ የሌለው፣ ተዋንያኑ ያልታወቁ ፊልም ነው።

«ምስጢር ነው፣ ትሪለር ነው፣ ታሪኩ ከተነገረ ይበላሻል» የሚል መከራከሪያ ይኖራል። ፊልም ሠሪዎች ይህን አብዝተው ይሉታል። መነሻን መናገርና መጨረሻን መናገር ግን አንድ አይደሉም። ገዳዩ ማን እንደሆነ ይደበቅ፤ ማን እንደተገደለ ግን መነገር አለበት። ኋላ ላይ እንደታወቀው ፊልሙ በ1973 ቢል ገን የሠራው «ጋንጃ ኤንድ ሄስ» የተባለ ፊልም ዳግም ዝግጅት ነበር። አስቡት፤ ከተመልካች እይታ ርቆ የኖረ፣ የፊልም ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ግን የሚንሰፈሰፉለት የጥቁር አሜሪካውያን ሲኒማ ሥራ እንደገና ሊሠራ ነው ቢባል ኖሮ፣ ለዚህ ብቻ ኪሱን የሚከፍት ሕዝብ ነበር። ያ ሕዝብ መጠራቱን ሳያውቅ ቀረ።

ሁለተኛው ቀዳዳ የሚጠበቀውን ተቃውሞ ሳይመልሱ መውጣት ነው። ስሙ የገነነ ሰው 1.25 ሚሊዮን ዶላር ሲለምን «ለምን ከኪሱ አያወጣም?» መባሉ አይቀርም። ከዛክ ብራፍ ጀምሮ «ታዋቂዎች የትንንሾቹን ምንጭ እየጠጡባቸው ነው» የሚል ሐሜት ሲነፍስ ከርሟል፤ ስለዚህ ጥያቄው እንደሚመጣ ይታወቅ ነበር። ሲመጣ ግን መልሱ በቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ላይ፣ በሙግት መልክ ነበር የወጣው። ኪክስታርተር ራሱ በመሥራቾቹ ስም መግለጫ እስከ ማውጣትና እስከ መከላከል ደርሷል። ተከላካይ የሚያስፈልገው ጥሪ ደግሞ ግማሽ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል።

የሚገርመው መልሱ እጁ ላይ መኖሩ ነው፣ ያውም ግሩም መልስ። በ1985 በበጋ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን በ12 ቀን ሲቀርጽ ጠቅላላ በጀቱ 175,000 ዶላር ነበር። ያም ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ነው፦ ከኒውዮርክ ስቴት የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ድጋፍ፣ ከሴት አያቱ፣ ከወዳጅ ዘመድ በደብዳቤና በስልክ። የለስላሳ ጠርሙስና ቆርቆሮ እየሰበሰቡ የመያዣውን ሳንቲም እስከ መመለስ ደርሰዋል። በ1992 ደግሞ «ማልኮም ኤክስ» በጀቱን አልፎ፣ ፊልሙ እንደሚጠናቀቅ ዋስ የሆነው ድርጅት የኤዲቲንጉን ሥራ ሲያስቆም፣ የራሱን ክፍያ ከማግባቱ ሌላ ኦፕራ ዊንፍሬይን፣ ማይክል ጆርዳንን፣ ማጂክ ጆንሰንን፣ ፕሪንስን፣ ጃኔት ጃክሰንን፣ ትሬሲ ቻፕማንን የመሳሰሉ ሰዎች ዘንድ ሄዶ ለመነ፤ ሰጡት፣ ፊልሙም በፈለገው ርዝመት ወጣ። ኪክስታርተር ሳይፈጠር በፊት መዋጮን የሚያውቅ ሰው ነው ማለት ነው። ይህንን እሱም ደጋግሞ ተናግሮታል፤ የተናገረው ግን ለከሳሾቹ መልስ ሆኖ ነው። የቪዲዮው መክፈቻ መሆን የሚገባው ታሪክ የመከላከያ ማስረጃ ሆኖ አረፈው።

በ30 ቀን ውስጥ የተጠገነው

ዘመቻውን ያስነሱት ጥቂት ነገሮች ናቸው። ሁለቱ በተለይ ቀረብ ብለው ቢታዩ ይጠቅማሉ።

አንደኛው የፊልሞች ዝርዝር ነው። ስፓይክ ሊ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ፊልም ልሥራ የሚል ሰው ሊያያቸው ይገባል እያለ ለተማሪዎቹ የሚያድለውን የ87 ፊልሞች ዝርዝር ገጹ ላይ ለቀቀው። ዝርዝሩ ከሰው ሰው እየተቀባበለ ሄደ፤ ጋዜጦችም ጻፉበት። ወዲያው ደግሞ «ሴት ዳይሬክተሮች የታሉ?» የሚል ወቀሳ ተነሳ። ወቀሳውን አልተሟገተም፤ የሴቶችን ሥራዎች ጨምሮ ዝርዝሩን አሻሽሎ መልሶ አወጣው። በዚህም አንዱ ዝርዝር ሁለት ጊዜ ዜና ሆነ።

ይህ ለምን ሠራ? ብዙ ዘመቻ አቅራቢዎች በየሁለት ቀኑ የሚልኩት መልእክት «40 በመቶ ደርሰናል፣ እባካችሁ ለሌሎች አጋሩልን» የሚል ነው። ለተቀባዩ ምንም አይሰጥም፤ መልሶ ይጠይቀዋል እንጂ። ዝርዝሩ ግን ሳንቲም ላልሰጠ ሰውም ይጠቅማል። ሰው ለሌላ የሚያስተላልፈው የሚጠቅመውን ነው፤ ልመናን የሚያስተላልፍ እናት ብቻ ናት።

ሁለተኛው 10,000 ዶላር ለሚያዋጣ ሰው በምላሹ የሚሰጠው ስጦታ ነው። ከስፓይክ ሊ ጋር እራት በልቶ፣ ኒውዮርክ ባለው የማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ከሜዳው ጠርዝ አጠገቡ ተቀምጦ የኒክስ ቡድንን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ማየት። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ሶደርበርግ 10,000 ዶላሩን ሰጠ፤ ይህም ራሱ ዜና ሆኖ ለሌሎች በር ከፈተ።

ስጦታው ከወጪ አንጻር ሲታይ ከብልህነትም ያልፋል። ስፓይክ ሊ የኒክስ ጨዋታ ላይ የዘወትር ወንበር ያለው፣ እዚያ ወንበር ላይ በመጮህ የታወቀ ሰው ነው። ወንበሩ ድሮም የሱ ነው። አይታተምም፣ አይታሸግም፣ በፖስታ አይላክም። ቁጥሩም በተፈጥሮው የተገደበ ነው፤ በመደበኛው የውድድር ዘመን አንድ ቡድን በሜዳው የሚጫወተው 41 ጨዋታ ነው። ሌላ ማንም ሊሸጠው አይችልም፤ ቲኬቱን ሌላ ሰው ሊገዛ ይችላል፣ ከጎን የሚቀመጠውን ሰው ግን አይገዛም። አራቱ ባሕርያት ማለትም አስቀድሞ እጅ ላይ መገኘት፣ የማጓጓዣ ወጪ አለመኖር፣ ውሱንነት፣ በሌላ አለመተካት በአንድ ስጦታ ላይ ሲገናኙ ዋጋው ይሰቀላል።

ጥሪው እንደገና ሲጻፍ

ከዚህ በታች ያለው የእኛ ሙከራ ነው፤ የስፓይክ ሊ ቃል አይደለም። ከታሪኩ የወሰድነው ፊልሙ ከወጣ በኋላ የታወቀውን መነሻ ብቻ ነው፣ መጨረሻውን አልነካንም። ረጋ ብሎ ሲነበብ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፦

«ሄስ ግሪን ጥንታዊ የአፍሪካ ቅርሶችን የሚሰበስብ ሀብታም ምሁር ነው። አንድ ሌሊት ረዳቱ በአሻንቲ ጩቤ ወጋው። ሄስ አልሞተም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን ደም ካልቀመሰ አያድርም። ብዙም ሳይቆይ የረዳቱ ሚስት ባሏን ፍለጋ በሩን አንኳኳች። ይህን ታሪክ በ1973 ቢል ገን ነግሮን ነበር፤ ያየው ጥቂት ሰው ነው። በ16 ቀን እንደገና ልንቀርጸው ነው።»

ዓረፍተ ነገሮቹ አጭር ናቸው፤ ቪዲዮ ላይ የሚነገር ነገር በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ ሰሚውን ይጥላል። «ልብ የሚነካ»፣ «ልዩ»፣ «ታይቶ የማይታወቅ» የሚል ቃል የለም፤ እነዚህ ሰሚው ራሱ ሊላቸው የሚገቡ ናቸው። ዳይሬክተሩ እስካሁን ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረም። የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ የጠርሙሱንና የቆርቆሮውን ታሪክ ይዞ፤ ከዚያ የገንዘቡ መጠንና የሚውልበት፤ ከዚያ ጥያቄው። ጠቅላላው ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። ስልክ ላይ የሚያየው ሰው ብዙ ስለሆነ ጽሑፍ ከሥሩ ይኑረው፣ ድምፁ ደግሞ በደንብ ይቀዳ። ፊልም ልሥራ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቪዲዮው ላይ ድምፁ ከተበላሸ፣ የሙያ ማስረጃውን ራሱ ቀደደው ማለት ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ስም የሌላቸው ሰዎች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የስፓይክ ሊን ብንወስድ ኪክስታርተር 5 በመቶ ይቆርጣል፤ በወቅቱ ክፍያውን የሚያስተላልፈው የአማዞን አገልግሎት ከ3 እስከ 5 በመቶ ይወስድ ነበር። ከ1,418,910 ዶላር ላይ የኪክስታርተር ድርሻ ብቻ 70,945 ዶላር ነው። የሁለቱ ሲነሳ ከ1.28 እስከ 1.31 ሚሊዮን ዶላር ይቀራል፤ ከዚያ ላይ ስጦታዎቹ አሉ። ልክ 1,250,000 ላይ ቢቆም ኖሮ እጁ የሚገባው ከ1,125,000 እስከ 1,150,000 ነበር።

አሁን በትንሽ ፊልም መጠን እናስላው። በ12 ቀን የሚቀረጽ ፊልም አለ እንበል። ስድስት ሠራተኛ በቀን 200 ዶላር፣ 14,400። ተዋንያን 3,600። ካሜራ፣ ሌንስና መብራት ኪራይ በቀን 300፣ 3,600። ምግብ ለ15 ሰው በቀን 14 ዶላር ሒሳብ፣ 2,520። የቦታ ኪራይ 1,380። ኢንሹራንስ 1,500። የድምፅ ሚክሲንግና የቀለም ሥራ 3,000። ድምሩ 30,000 ዶላር ነው። (ይህ የወዳጅ ዋጋ ነው፤ የሙያ ማኅበር ታሪፍ የሚጠይቅ ባለሙያ ከገባ ሒሳቡ ሌላ ነው።)

ታዲያ ግቡ ስንት ይሁን? ለመድረኩ (ለድረ ገጹ) እና ለክፍያ አስተላላፊው 9 በመቶ፣ በመጨረሻው ቀን ክፍያቸው ለሚከሽፍ ካርዶች 2 በመቶ፣ ለስጦታና ለፖስታ 9 በመቶ እንያዝ። አንድ ላይ 20 በመቶ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው 30,000 ላይ 20 በመቶ ጨምሮ 36,000 ይላል። ስሕተት ነው፤ ተቆራጩ የሚሰላው ከተሰበሰበው ላይ እንጂ ከሚያስፈልገው ላይ አይደለም። 36,000 ላይ 20 በመቶ ሲቆረጥ 28,800 ይቀራል፤ 1,200 ዶላር ይጎድላል፣ ከኢንሹራንሱ አብዛኛው ማለት ነው። ትክክለኛው 30,000ን ለ0.80 ማካፈል ነው፦ 37,500።

ከዚሁ ሒሳብ ውስጥ ለጥሪው የሚሆን ዓረፍተ ነገርም ይወጣል። የድምፅና የቀለሙ 3,000 ሲነሳ 27,000 ለ12 ቀን ነው፤ በቀን 2,250፤ ቀረጻው በቀን 10 ሰዓት ከሆነ በሰዓት 225። አንድ ሰው 75 ዶላር ሲሰጥ ከተቆራጭ በኋላ 60 ቀረጻው ላይ ይደርሳል፤ ይህም 16 ደቂቃ ነው። «ሕልማችንን እውን አድርጉልን» ከማለት «በ75 ዶላርዎ 16 ደቂቃ እንቀርጻለን» ማለት ሰውን ይበልጥ ያንቀሳቅሳል፤ ሊቆጥረው ይችላልና። እዚህ ላይ 20 ደቂቃ ብሎ ማጋነን ይቻል ነበር፤ ሒሳብ የሚችል ደጋፊ ግን ይደርስበታል፣ ከደረሰበትም የቀረውን አያምንም።

ስጦታ ላይ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ቲሸርት ነው። 50 ዶላር ለሰጠ ሰው ቲሸርት ቃል ተገባ እንበል። ማሳተሚያው 12፣ ማሸጊያው 1፣ የአገር ውስጥ ፖስታ 6፣ የመድረኩና የክፍያ አስተላላፊው ተቆራጭ 4.50። የሚቀረው 26.50 ነው። ሰውየው ሌላ አህጉር ቢኖርና ፖስታው 25 ዶላር ቢፈጅ ደግሞ 7.50 ይቀራል። መቶ እንዲህ ያለ ደጋፊ ማግኘት ደስ ይላል፤ ገንዘቡ ሲመጣ ግን 750 ዶላር ነው፣ መቶ ፓኬት ከማሸግ ድካም ጋር። ለዚያው 50 ዶላር ስክሪፕቱን በፒዲኤፍና የመጀመሪያውን የኢንተርኔት ዕይታ ቢሰጡት 45.50 ይቀራል። ቲሸርቱ ከተፈለገ 100 ዶላር ላይ ይውጣ፣ የውጭ አገር ፖስታም በደጋፊው ሒሳብ ይታሰብ።

የማዲሰን ስኩዌር ጋርደኑ ወንበርስ? ያለ ዝናም ይገኛል። የአንድ ሱቅ ምልክት ላይ ስሙ ተጽፎ ትዕይንቱ ውስጥ እንዲታይ ማድረግ፤ ከኤዲተሩ ጋር አንድ ምሽት ተቀምጦ አንድ ትዕይንት ሲቆረጥ ማየት፤ ጽሑፍ ለሚጽፍ ደጋፊ ስክሪፕቱን አንብቦ የአንድ ሰዓት አስተያየት መስጠት፤ በስልክ የምትሰማ የአንዲት ሴት ድምፅ መሆን። ሁሉም ቀድሞ እጅ ላይ ያሉ፣ የማይታተሙ፣ ውሱን ናቸው። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ይቀመጥ፦ «ሦስት ብቻ»፣ «አንድ ብቻ»።

የደጋፊው ብዛትም ቀድሞ ይታሰብ። 37,500 በአማካይ 70 ዶላር ሲካፈል 536 ሰው ነው። ይህን ያህል ሰው ከየት ይመጣል? የሌላ ሰው ጥናት ከመጥቀስ ራስን መለካት ይሻላል፦ ገጹ ሳይከፈት 20 ሰው በግል መልእክት ይጠየቅ፣ ስንቱ እሺ እንዳለ ይቆጠር። አምስቱ እሺ ካሉ 536 ለማግኘት 2,144 ሰው በግል መጠየቅ አለበት። የስልክ ማውጫው ላይ 400 ስም ያለው ሰው ወይ ግቡን ይቀንስ፣ ወይ ወጪውን ከፋፍሎ ለቀረጻው ብቻ ይጠይቅ፣ ወይ ሦስት ወር ስም ሲሰበስብ ይክረም። የግቡ ሲሶ ቃል የገባ ሰው ዝርዝር ሳይያዝ መክፈት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ እንደ መዘመር ነው፤ መንገደኛ አይገባም።

ጊዜውን 30 ቀን ላይ መተው ጥሩ ነው። እስከ 60 ቀን ይፈቀዳል፤ የተጨመረው ወር ግን «ገና ነው» የሚል ሰበብ ለደጋፊው ከመስጠት ያለፈ ብዙም አይሠራም።

ከተዘጋ በኋላ

ስፓይክ ሊ ፊልሙን በ16 ቀን ቀርጾ «ዳ ስዊት ብለድ ኦፍ ጂሰስ» የሚል ርዕስ ሰጠው፤ ጁን 2014 በአሜሪካን ብላክ ፊልም ፌስቲቫል ታየ፣ ጃንዋሪ 2015 ቪሜዎ በተባለው የቪዲዮ ድረ ገጽ ላይ ወጣ፣ ፌብሩዋሪ ላይ ሲኒማ ቤት ገባ። ገንዘብ ከሰጡበት ቀን እስከ ሲኒማው ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ይህ ለፊልም ፈጣን ነው። ለደጋፊ ግን ረጅም ነው፤ በመሐል ወሬ ካልሰማ የተበላ ይመስለዋል።

የስጦታ አሰጣጥ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል የቬሮኒካ ማርስ ጉዳይ ያሳያል። ማርች 2014 ፊልሙ ሲወጣ ለደጋፊዎች ቃል የተገባው የዲጂታል ቅጂ በወቅቱ በነበሩት የዲጂታል ፊልም አገልግሎቶች በፍሊክስተርና በአልትራቫዮሌት በኩል ብቻ ተሰጠ። ብዙዎቹ በሚያውቁት መሣሪያ ማየት አልቻሉም፤ ቁጣ ሆነ። ስቱዲዮው በመጨረሻ ፊልሙን ከሌላ መደብር ለገዙት ገንዘባቸውን እስከ መመለስ ደረሰ። ጥፋቱ ጥቃቅን ነበር፦ «የዲጂታል ቅጂ» የሚለው ቃል ብቻውን በምን በኩል እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ስጦታው ሲጻፍ «ፊልሙን ያያሉ» አይበቃም፤ «በቪሜዎ ሊንክ፣ በይለፍ ቃል፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ። የሚደርስበት ወር ላይም ኤዲተሩ ከሚለው ስድስት ወር ጨምሩበት።

ገንዘቡ ራሱ ዘመቻው በተዘጋ ማግስት አይገባም፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ቀረጻውን በሦስተኛው ቀን የቀጠረ ሰው የካሜራ ኪራዩን ከኪሱ ይከፍላል። አሜሪካ ያለ ሰው ደግሞ ዲሴምበር ላይ የገባ ገንዘብ ጃንዋሪ ላይ ቢወጣ ገቢው በአንድ፣ ወጪው በሌላ የግብር ዓመት እንደሚቆጠር ያስብ፤ ዘመቻውን ወደ ጸደይ ማዞር ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ከአዲስ አበባ ለሚጠይቅ ሰው

ኪክስታርተር ላይ ዘመቻ የሚከፍት ሰው መድረኩ ከተቀበላቸው አገሮች በአንዱ የሚኖር፣ እዚያው የባንክ ሒሳብና መታወቂያ ያለው መሆን አለበት። ኢትዮጵያ ከእነዚያ ውስጥ የለችም። ስለዚህ አዲስ አበባ የሚቀረጽ ፊልም ገጹን የሚከፍተው ዋሽንግተን፣ ለንደን ወይም ስቶክሆልም ያለ ወንድም ወይም እህት ነው። የሚረሳው ነገር፣ በሕግ ፊት ገንዘቡ የዚያ ሰው ገቢ መሆኑ ነው፤ ግብሩም፣ ስጦታ የማድረሱ ግዴታም በሱ ስም ነው። ገጹ ከመከፈቱ በፊት ሁለት ገጽ ውል ይጻፍ፦ ማን ከተቆራጭ በኋላ ስንት ይልካል፣ በምን ምንዛሪ፣ በስንት ጊዜ፣ ግቡ ካልሞላ የቪዲዮውን ወጪ ማን ይችላል። እስራኤል ያሉ የእኛ ሰዎች ሄድስታርት የተባለውን የአገሩን መድረክ መጠቀም ይችላሉ፤ እሱም ግቡ ካልሞላ አይከፍልም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ያሉ ግን ገንዘብ መስጠትና ገንዘብ ማሰባሰብን ይለዩ፤ እዚያ ያለ ፈቃድ ሕዝብን ገንዘብ መጠየቅ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በዋትስአፕ ቡድን ላይ «እናዋጣ» ብሎ ማስተባበር ራሱ ጣጣ ያመጣል።

ሌላው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ዳያስፖራው የመዋጮ ገጽ የሚያውቀው በጎፈንድሚ ነው፤ አስከሬን ወደ አገር ለመላክ፣ ለኩላሊት ሕክምና፣ ቤቱ ለተቃጠለበት። በዚያ ቋንቋ «እርዱን፣ እጃችሁን ዘርጉልን» ተብሎ የቀረበ ፊልም ከሕመምተኛ ጋር ሊወዳደር ነው፤ ይሸነፋል፣ መሸነፍም አለበት። ፊልሙ ትኬት በቅድሚያ እየሸጠ ነው፣ የሚሰጠው ነገር አለው። በገጹ ላይ «እርዳታ» የሚለው ቃል የገባበትን ቦታ ሁሉ አውጥታችሁ በምትኩ ሰውየው የሚያገኘውን ነገርና የሚያገኝበትን ወር ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደቀረ ተመልከቱ። ሁለት መስመር ብቻ ከቀረ ገጹ ገና አልደረሰም፤ አይከፈት።